በሩን ያጣ ቁልፍ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለቁንጫዬ፣

ይህ ወረቀት አንተንም አክስቴንም በጤና፣ በሳቅና በሙሉ ማዕድ ዙሪያ ያግኛችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ የምሠራበት ክፍል ግን ኮምፒውተር ስለሞላበት ምድጃ አያስፈልገንም።

ወደ እናንተ የሚመላለሰው ሹፌር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ፍላሽ ይሰጥሃል። ውስጡ ስንት ዓመት የደከምንበት ጌም አለ፤ «ጥላ ሰብሳቢው» ይባላል። እኔ የሳልኩት ቤቶቹንና በሮቹን ነው፤ ጭራቆቹ የሌላ ሰው ናቸው፣ እኔን እንዳትወቅስ። ነዋሪዎቹ ጥለውት የሸሹ ጨለማ ከተማ አለ። አንተ መሆን የምትፈልገውን ሰው ትመርጥና ከቤት ቤት እየገባህ ሰዎቹ የተዉትን ጥላ ትሰበስባለህ። በሞትክ ቁጥር የራስህ ጥላ ይቀጥናል። ጨርሶ ሲጠፋ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።

ተጫወተውና ጠንካራና ደካማ ጎኑን ሳታሽሞነሙን ጻፍልኝ። እዚህ ያሉት ሞካሪዎች አለቃችንን ስለሚፈሩ ሁሉም «ግሩም ነው» ይላሉ። ግሩም ካልሆነ ድርጅቱ ይዘጋል፤ እኔም እዚህ መኖሪያ የለኝም።

በስልክ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ጌሙ ሳይወጣ ለሰው እንዳናሳይ ፈርመናል፤ ስልካችንም መልእክታችንም ይታያል። ወረቀት ግን ማንም አይጠረጥርም፤ ሹፌሩም መመላለሱ አይቀርም።

አክስቴን ሳምልኝ። የውጭው በር ዛሬም ያጣብቃል?

እታለምህ


ኅዳር 2

ይድረስ ለእታለም፣ ለበሮች እናት፣ ለጭራቆች ጎረቤት፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከአንገቴ በላይ ካለው ባዶ ቦታ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። «ልጄ አንገቷን ትሸፍን፣ ጉንፋን እንዳይዛት» ብላለች። እኔ ደግሞ የምመክርሽ፣ ከያዘሽ ቶሎ ብለሽ ለአለቃሽ አስተላልፊ።

አጻጻፌን አትሳቂበት። እኔና ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተከባብረን ተለያይተናል። አሁን ብየዳ ቤት ነኝ። ብረት እቆርጣለሁ፣ አለቃዬ ይሰድበኛል፣ ማታ ሁለታችንም ደክሞን ወደየቤታችን እንገባለን።

እሺ፣ ጌምሽ። ሌባውን መረጥኩ፤ ዘመዴ ነው። ወታደሩ ሲራመድ የድስት መደርደሪያ የወደቀ ይመስላል። መነኩሴው ሰይፍ ከማንሣቱ በፊት ይጸልያል፤ አሜን እስኪል እኔ ሞቻለሁ።

ጠንካራ ጎኑ ዝምታው ነው። ሌላው ጌም ጭራቅ ሲመጣ ከበሮ ይደልቅልሻል። የእናንተ ግን ሁሉ ነገር ጸጥ ይልና የራሴን ኮቴ ብቻ እሰማለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ኮቴው ሁለት ይሆናል። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ «መብራቱን አብራው እንጂ» አለኝ። በርቶ ነበር። ሞትም ዋጋ አለው። በሌላ ጌም እንደ ዝንብ ነው የምሞተው፤ እዚህ ግን ጥላዬ ሲሳሳ ሳይ፣ አትሳቂ፣ ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ የእውነቱን ጥላዬን አየሁት። ደግሞ ያ ምርጫ፤ ጥላውን ከወሰድኩ ባለቤቱ ወደ ቤቱ መመለሻ ያጣል፣ ከተውኩት እኔ እሳሳለሁ። አንድ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳስብ ሻዬ ቀዘቀዘ። እኔ፣ ሳስብ።

ደካማ ጎኑ ብዙ ነውና ወንበር ሳቢ። ሌባው ሃያ ሰይፍ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ጉልበት የማይደርስ አጥር ግን መዝለል ያቅተዋል። ፈረሱ ግድግዳ ውስጥ ይገባና ጭራው ብቻ ውጭ ይቀራል። ነጋዴው መድኃኒት ከመሸጡ በፊት የዘር ማንዘሩን ታሪክ ይተርካል፤ እኔ እየደማሁ ነው እኮ። ጽሑፉን ለጉንዳን ነው የጻፋችሁት። የደረስኩበትን የማስቀምጥበት ቦታ ስለሚርቅ እማዬ «ምሳ ቀረበ» ባለች ቁጥር የግማሽ ቀን ልፋቴ ገደል ይገባል። የመጨረሻው ጭራቅ ደግሞ ያለው ጉልበት አይደለም፣ ቂም ነው።

በሮችሽ ያምራሉ። ግን ሁሉም የሚገፉ ናቸው። በዚያ ሁሉ ከተማ አንድ እንኳ የሚሳብ በር እንዴት አይኖርም?

ልረሳው ነበር። በደቡቡ ቅጥር ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ማነው? አይዋጋም፣ አይሸጥም። በአጠገቡ ሳልፍ ቀና ብሎ «ቁንጫ» አለኝ። ስሜን እንዴት አስገባችሁት? ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም። እማዬ ደግሞ እንደምታውቂው ለሁለት ሰው የሦስት ሰው ነው የምትሠራው፤ ትርፉን ማን ይብላላት።

በር ካነሣሽ አይቀር፤ የቤታችንን በር ዝናብ አበስብሶታል። እማዬ መቀርቀሪያውን አታስወረውር፣ ቁልፉን አታስቀይር፣ ሁልጊዜ «ተወው» ነው። ስለዚህ በገዛ እጄ የብረት በር እየሠራሁላት ነው። ስለካ ቆማ ዝም ብላ አየችኝ። ደስ ብሏት መሰለኝ።

የብየዳ ጓንት ላኪልኝ፤ የግራው ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው።

ቁንጫሽ


ኅዳር 27

ይድረስ ለቁንጫዬ፣

ለአንተም ለአክስቴም ሰላም ውሎ ሰላም ማደር ይስጣችሁ።

ስለ አጥሩና ስለ ነጋዴው የጻፍከውን የራሴ ሐሳብ አስመስዬ ለአለቃችን ነገርኩት። አኮረፈ፤ በማግሥቱ ተስማማ። ፈረሱን የሚያስተካክለው ጓደኛዬ አንተን ሳያውቅህ ይረግምሃል። በሮቹን ግን አልቀይርም። በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ወደ ውጭ የሚከፈት በር እንግዳ ይመታል። እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት።

አሁን ስለ ሰውዬው። እኛ በደቡቡ ቅጥር ሥር ያስቀመጥነው ሰው የለም። የተጫዋች ስም የሚጠራ ድምፅም አልቀዳንም። ሁላችንም ሥራችንን ትተን ፈለግነው፤ ምንም የለም። ስሕተት ከሆነ ጌሙ ሳይወጣ መገኘት አለበት፤ አለቃችን የሚወጣበትን ቀን ሊያራዝመው ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ብዙ የሚቆይበት አቅም የለውም። ስለዚህ ቁንጫ፣ አትቀልድብኝ። ሰውዬው ምን ይመስላል? ምን ይላል?

ጓንቱን ልኬያለሁ። አክስቴ ስለ በሩ በአፏ «ቀይረው» ብላሃለች?

እታለምህ


ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለእታለም፣

እንደ ጓንትሽ ሙቀት የሚጠብቅሽ አምላክ ይባረክ። አለቃዬ አንዱን ሊሰርቀኝ ሞክሮ እጁ አልገባለትም።

ቀልድ? እኔ? ስንት የቀለደ ሰው እያለ። ያየሁትን ልንገርሽ። ሰውዬው ረጅም ነው፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ። ሌላው ሰው እርሳስ እንደሚሰካው እሱ ጆሮው ላይ ቁልፍ ሰክቷል። የጫማውን ተረከዝ ረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ ይጎትተዋል። ጭራቆቹ እሱ ጋ ሲደርሱ መንገድ ይቀይራሉ። ተጠግቼ «ምን ትጠብቃለህ?» የሚለውን ጥያቄ ስነካ፣ ቀስ ብሎ «ቁልፉ አለኝ፤ በሩን ነው ያጣሁት» አለኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የሌለ በር ገፋ።

የእኛ በር ግን ተገኝቷል። ተሰቅሏል። ብቻ ሳቂብኝ፤ ልኩን ከውስጥ ቆሜ ስለወሰድኩ ማጠፊያውን ገልብጬ በየድኩት። ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። እንግዳ ይመታል ያልሽው ልክ ነሽ፤ ፀጉር አስተካካዩን ግንባሩን መትቶታል፤ እብጠቱን ለደንበኞቹ በነፃ ያሳያል። መንደሩ ሁሉ «ቁንጫ ተገልባጭ በር ሠራ» እያለ ነው። አሮጌውን በር ነቅዬ ብየዳ ቤቱ ጓሮ ጣልኩት።

እማዬ ብቻ አልሳቀችም። በአፏ «ቀይረው» አላለችም፤ «አትቀይረው»ም አላለችም። አሁን ከበሩ ትይዩ ወንበር አስቀምጣ ትውላለች።

ቁንጫሽ


ጥር 20

ቁንጫ፣

ሰላምታዬ ቢያጥር ይቅር በለኝ፤ ለአክስቴ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። ልመልስልህ እቀመጥና የጀመርኩትን እቀዳለሁ።

የጻፍከው ሰው አባቴ ነው።

አንተ ከመወለድህ በፊት፣ ሁላችንም አሁን እናንተ ባላችሁበት ቤት ስንኖር ነው የሄደው። እናንተ ቤት «አጎትህ ሄደ» ብቻ ይባላል፤ ከዚያ በላይ የጠየቀ ቁጣ ይወርድበታል። ቁልፍ ሠሪ ነበር። እጁ ሲያዝበት ቁልፍ ጆሮው ላይ ይሰካል። ጫማ ለማሰር ስለሚሰንፍ ተረከዙን ይረግጠዋል። የሆነ ነገር ባጣ ቁጥር፣ መነጽሩም ይሁን ቀኑ የጠፋበት፣ «ቁልፉ አለኝ፤ በሩን ነው ያጣሁት» ብሎ ይስቅ ነበር። በር ወደ ውስጥ ይከፈታል ያለኝም እሱ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሊቀርብ ሲል ደጅ ላይ አንድ ሰው «የማይከፈት በር አለኝ» አለው። ድምፁን ሰማን፤ መልኩን ያየ የለም። አባቴ ቦርሳውን አንሥቶ «ምሳዬን አቆዩልኝ» ብሎ ወጣ። የቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። በዚያው ቀረ።

አክስቴ መቀርቀሪያ የማትወረውረው ለዚህ ነው። ቁልፉን ያላስቀየረችው፣ ምሳ የምታስተርፈው ለዚህ ነው። አንተ ገና ልጅ ነህ፣ አልፈርድብህም። ግን አሮጌው በር አሁን የት ነው? እንጨቱን ተወው፤ ቁልፉ የሚገባበት ብረት አለ? ሰውዬው ሌላ ያለህ ነገር ካለም አንድ ቃል ሳታስቀር ጻፍልኝ።

እታለምህ


ጥር 30

ይድረስ ለእታለም፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ ጤናሽን ብቻ ይስጥሽ።

እታለም፣ ሰውዬው የለም። ፈጥሬው ነው። በደቡቡ ቅጥር ሥር ድንጋይና ሣር ብቻ ነው ያለው። በጌምሽ ውስጥ እኔን ያስፈራኝ ነገር ስለበዛ አንቺንም ትንሽ ላስፈራሽ ብዬ ነው። ጆሮው ላይ የሰካሁት ቁልፍ የአለቃዬ ጠመኔ ነው፤ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ብየዳ ቤቱን ሁሉ ያስፈትሸናል። ጫማው የፀጉር አስተካካዩ ነው። ያ አነጋገር ደግሞ አንድ ቀን የቤታችን በር አጣብቆብኝ ደጅ ቆሜ ስረግም አፌ ላይ የመጣ ነው። አጎቴ ቁልፍ ሠሪ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ነው። በምን ልማልልሽ? የማልኩበት ሁሉ ከዚህ በፊት ረክሷል።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ እማዬን «አጎቴ ጫማውን እንዴት ነበር የሚያደርገው?» አልኳት። የያዘችው ሳህን ከእጇ አልወደቀም፤ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ለምን በሩን ስነቅል አትንካ አላልሽኝም?»

«ምክንያቱን ልትጠይቀኝ ነዋ። ምክንያቱን ከነገርኩህ ደግሞ ቀርቷል ማለቴ ነው። አንድም ቀን ቀርቷል ብዬ አላውቅም።»

ከዚያ ወንበሯን ትንሽ ወደ በሩ አስጠጋች።

ያለመናገሯን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት፤ ከተገለበጠው በር ይልቅ ይኼኛው ነው የሚያሳፍረኝ። አሮጌው በር ጓሮ ነው። ነገ ሄጄ አየዋለሁ።

ቁንጫሽ


የካቲት 18

ይድረስ ለቁንጫዬ፣

ለሁላችሁም፣ ቤት ላላችሁትም መንገድ ላይ ላለውም፣ ሰላም ይሁን።

ፈጥሬው ነው ያልክበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ተናድጄ ማልቀስ ፈለግሁ። ግን አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት አግኝተነው ነበር።

መጀመሪያ ያየው ድምፅ የሚቀዳው ባልደረባዬ ነው። እኔ የአንተን ወሬ አልነገርኩትም ነበር። ጠርቶ «ይኼን ሰው ማነው የሳለው?» አለኝ። ከቅጥሩ ሥር ተነሥቷል። በመንገዱ ላይ ነው፤ ጫማውን እየጎተተ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። እያንዳንዱ በር ጋ ይቆማል፣ ቁልፉን ከጆሮው ላይ ያወርዳል፣ ይሞክራል፣ ይመልሰዋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በሮቹ እኔ የሳልኳቸው ናቸው፤ አንዱንም ግን በቤታችን ቁልፍ እንዲከፈት አድርጌ አልሳልኩትም። ስንጠጋው አያየንም። ጥላው እንደ ክር ቀጥኗል።

አለቃችን እንዲጠፋ አዘዘ። ማን እንዳስገባው ስላልታወቀ ነጥሎ ማጥፋት አልተቻለም። ስለዚህ በመጪው ወር አጋማሽ ከተማውን በሙሉ አፍርሰው እንደ አዲስ ሊሠሩት ነው። ያን ቀን እሱ የት ይሆናል?

ፈጥሬው ነው ያልከው እውነት ቢሆን ይሻላል ወይስ ውሸት፤ የቱን እንደምመርጥ አላውቅም። ግን አሮጌውን የቁልፍ ቤት ፈልገህ በሩ ላይ መልሰው። ከተማው ሳይፈርስ።

አንድ መለያ ልስጥህ። ልጅ ሳለሁ ሲሠራ ወለሉ ላይ የሚበተንበትን ጥቃቅን ነገር እየተንበረከክሁ እለቅምለት ነበር። ያኔ የሚጠራኝ ስም አለ። ከእኔና ከእሱ በቀር የሰማው የለም፣ አክስቴም ብትሆን። እዚህ አልጽፈውም። ማንም ይምጣ ማን፣ ያን ስም ካልጠራ እሱ አይደለም።

እታለምህ


መጋቢት 9

ይድረስ ለእታለም፣

ይህ ወረቀት ተቀምጠሽ ያግኝሽ። ከቆምሽ ተቀመጪ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሮጬ ብየዳ ቤት ሄድኩ። አለቃዬ አሮጌውን በር ሁለት ቦታ ሰንጥቆ መቀመጫ አድርጎታል፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ተነሣ።»

«ለምን?»

«የተቀመጥክበት የሰው መግቢያ ነው።»

ሁለቴ አየኝ። ፊቴ ላይ የወትሮው ቀልድ ስላልነበረ ነው መሰለኝ ሳይሰድበኝ ተነሣ። የቁልፉን ቤት ነቅዬ አወጣሁት። ዝገቱን ጠርጌ፣ ዘይት ሰጥቼ፣ የብረት በሩን ቀድጄ እዚያ በየድኩት። በእማዬ ቁልፍ ሞከርነው፤ እንደ ድሮው ያጣብቃል። እማዬ ድምፁን ስትሰማ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሯ ተነሥታ ምሳ ልትሠራ ገባች። ማጠፊያውን ግን ለመገልበጥ ጊዜ አላገኘሁም፤ በሩ አሁንም ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አበራሁ። ሰውዬውን አላየሁትም። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት፤ ጭራቅ የለም፣ ነጋዴ የለም፣ ኮቴም የለም። በሮችሽ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ሁሉም ወደ ውስጥ። ያንቺ ሰዎች ከተማውን አፍርሰውት እንደሆነ አላውቅም። ይህ የምጫወተው የድሮው ፍላሽ ነው።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ነበርን። ፀሐይዋ አናት ላይ፣ ልጆች መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ኮቴ ሰማሁ፤ የሚጎተት። በሩ ጋ ቆመ። ቁልፍ ገባ። ዞረ። እማዬ ቁልፏን አጠገቧ አስቀምጣዋለች፤ አየሁት፣ ከማንኪያው ጎን ነው።

በሩ ተገፋ። አልተከፈተም። እንደገና ተገፋ። የያዝኩት ማንኪያ አፌ አልደርስ ብሎ መሀል ላይ ቀረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲገፋ እማዬ ቀና ሳትል፣ ለሦስተኛው ሳህን ወጥ እየጨመረች፣ «ወደ ራስህ ሳበው፣ ወንድም ጋሼ፤ ልጁ ገልብጦ ነው የሰቀለው» አለች።

ተሳበ።

ይኼን ስጽፍ «ቁንጫ ደግሞ ጀመረው» እንደምትዪ አውቃለሁ። ውሸታም ሰው እውነት ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ማንም አላስተማረኝም፤ ትምህርቱ እስከ ዘጠነኛ ክፍል አልደረሰም መሰለኝ። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። ፀሐይዋ ከበስተኋላው ነበረች፤ ጥላው ወለሉ ላይ ከክር አይወፍርም። ቦርሳውን ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ እንዳለው ሰው ከበሩ ጀርባ አስቀመጠ። ተቀመጠ። እማዬ «ቆየህ» አለችው፤ እሱም «በሩ ሩቅ ነበር» አላት። ይበላል። እስካሁን የጨረሰው ግን የለም፤ ሳህኑ አይጎድልም።

ጌምሽን ስለገመገምኩ አንድ ነገር ልጨምር። ጠንካራ ጎኑ ጥላ ባለቤቱ ሳይመለስ እንደማያልቅ ማሳየቱ ነው። ደካማ ጎኑ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አይነግርም።

ማዕዱን ላነሣ ስል ክንዴን ያዘኝ። እጁ አይቀዘቅዝም፤ ደግሞ አይሞቅም። ዙሪያውን ወለሉን አየ፤ የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስላል፤ ከዚያ እኔን ጠየቀኝ፦

«ብሎኔ የት አለች? የሚለቀም አለ።»

እኛ ቤት እንዲህ የሚባል ሰው የለም፣ እታለም። አንቺ ታውቂያት እንደሆነ ንገሪያት፤ ስትመጣ በሩን እንዳትገፋው፣ ይሳባል።

ቁንጫ